የብልቃጡ ውሃ

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአባቴ ጭን ውስጥ ልጅ አለ ብዬ አምን ነበር።

ማንም አልነገረኝም። በዓይኔ አይቼ ነው። ወንድሜ ከመወለዱ ጥቂት ወራት በፊት እናቴ "ነይ፣ ወንድምሽን እዪው" ብላ ወደ አንድ ጨለም ያለ ክፍል ይዛኝ ገብታ ነበር። ሐኪሙ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብተው ሳሙና የሚያክል መሣሪያ ሲያንሸራትቱበት ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጭጋግ መጣ። ጭጋጉ ውስጥ ጠቆር ያለ ክብ ነገር ነበር። "ይኸው ጭንቅላቱ" አሉ። እኔ ምንም ጭንቅላት አላየሁም። ግን አመንኩ፤ ወንድሜም ጊዜው ሲደርስ እውነትም ጭንቅላት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያ ማሽን ይዋሻል ብዬ አላስብም ነበር።

አባቴ ሶፋ ሠሪ ነበር። የተበላ ስፖንጅ ይቀይራል፣ የላላ ስፕሪንግ ያጠብቃል፣ አዲስ ጨርቅ ያለብሳል። ጨርቁን እንጨቱ ላይ የሚመታበት ሽጉጥ የሚመስል ስቴፕለር ነበረው፤ በተጫነው ቁጥር "ቷ!" ይላል። ጠንቃቃ ሰው ነበር። ማታ ማታ ማግኔት በገመድ አስሮ ወለሉን እየጎተተ የወደቀውን ምስማር ሁሉ ይለቅማል። "የልጅ እግር ምስማር ይፈልጋል፣ ምስማርም የልጅ እግር ይፈልጋል" ይል ነበር።

እብጠቱን ያገኘው አንድ ቀን ሶፋ ሥር ሲንበረከክ ነው። ከጉልበቱ በላይ፣ ጭኑ ውስጥ። ለማንም ከመናገሩ በፊት እኔን ጠራኝ። ነገር ሁሉ ላይ ፍርድ መስጠት ስለምወድ "ዳኛዬ" ነበር የሚለኝ።

"ዳኛዬ፣ ነይ እስቲ ፍረጂ። ስፖንጅ ነው ወይስ ስፕሪንግ?"

በሱሪው ላይ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት።

"ጎማ ነው" አልኩ። "አያምህም?"

"ኧረ ምንም አያመኝም።"

"እንግዲያው ጥሩ ነው።"

"ፍርዱን ተቀብያለሁ" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እንዲህ ያለ እብጠት ሲያም ሳይሆን ሳያም ሲያድግ እንደሚያስፈራ የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እናቴ ግን ሳትሰማም ታውቅ ነበር። ባገኘችው ቀን እንቁላል ያህል ነበር፤ ወር ሳይሞላው ብርቱካን አከለ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያለች፣ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን በአንድ እጇ አባቴን በሌላው ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችን።

ዓርብ ረፋድ ላይ ነበር። ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ያለቅስ ስለነበር እናቴ እሱን ይዛ ቀረች።

"ልጅቷም ውጪ ትጠብቅ" አሉ ሐኪሙ። ለእናቴ ወንድሜን ያሳዩት እኒያው ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ዶክተር፣ እሷ ካልገባች እኔ እፈራለሁ" አለ አባቴ።

ሲቀልድ መሰለኝ።

"በይ ግድግዳው ጋ ቁሚ። እጅሽን ወደ ኋላ። ምንም እንዳትነኪ።"

ያው ጨለም ያለ ክፍል፣ ያው ጄል፣ ያው ሳሙና የሚያክል መሣሪያ። ስክሪኑ ላይ ያው ጭጋግ መጣ፤ ጭጋጉ ውስጥ ያው ጠቆር ያለ ክብ ነገር። ሐኪሙ ከዳር እስከ ዳር ለኩት።

"ስድስት ሴንቲ ተኩል" አሉ ለነርሷ። "ጡንቻው መሃል ነው ያለው።" አንድ ነገር ሲጫኑ ክቡ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ብልጭ አለ። "ደም እየመጣለት ነው። ብዙ።"

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ለእናቴ ሲናገሩ እንደነበረው አልነበረም። ግን ወንድሜም በእናቴ ደም ነው ያደገው፤ ነግራኛለች። ስለዚህ ገባኝ። አባቴ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያለን አፍሮ ነው አልኩ፤ ወንድ ስለሆነ።

አባቴ ግን እንደ ልማዱ የመሣሪያው አሠራር ነበር ያጓጓው።

"ዶክተር፣ መርፌው ውስጥ የት እንደሚሄድ በምን ያውቃሉ?"

"እጄ እዚህ ነው፣ ዓይኔ እዚያ ነው" አሉ በአገጫቸው ስክሪኑን እያሳዩ። "መርፌዋ ነጭ መስመር ሆና ትታየኛለች። በጭፍን ከወጋሁማ ደም ሥር ልነካ እችላለሁ። መሃሉን ደግሞ ያዩታል? ይሄ ጥቁሩ የሞተ ነው። ከሞተው ብወስድ ምንም አይነግረኝም። ሕይወት ካለው ከዳሩ ነው የምወስደው።"

ሕይወት ካለው። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እንደቆምኩ ይህን ቃል ያዝኩ።

ማደንዘዣውን ወጉት። ቀጥሎ ረጅሙ መርፌ መጣ። ነጩ መስመር ከስክሪኑ ጥግ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ክቡ ተጠጋ፣ ዳሩ ላይ ቆመ።

"አሁን ድምፅ ይሰማሉ፤ እንዳይደነግጡ።"

ቷ!

"ይሄማ የኔ ዕቃ ነው!" አለ አባቴ።

ነርሷ ሳቀች። ሐኪሙ አልሳቁም። "አይንቀሳቀሱብኝ" ብቻ አሉ።

እኔ ግን ስክሪኑን ነበር የማየው። መርፌው በገባ ቁጥር ያ ክብ ነገር ወደ ኋላ ሸሸት ይላል። አራቴ ወጉት፤ አራቴ ሸሸ። መርፌ ሲገፋው ሥጋ እንደሚገፋ አሁን አውቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ለሌላ ሰው ብዬ እንዲያ ያለ ክፍል ገብቼ ነበር። ስክሪኑ ሰፍቷል፣ ሐኪሟ ከእኔ ታንሳለች፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ሦስተኛው "ቷ" ላይ ልብ ስል፣ ሳላስበው እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜያለሁ።

ሐኪሙ ከመርፌው ላይ ያነሱትን ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጨመሩ። አራት ቀጫጭን ነጫጭ ነገሮች ነበሩ፤ እንደ ክር ቁራጭ፣ እያንዳንዳቸው ከጥፍሬ ትንሽ የሚረዝሙ። ቆጠርኳቸው። ጣቶች ናቸው አልኩ በልቤ። አምስተኛውን ትተውለታል።

ስንወጣ ብልቃጡን ለእናቴ ሰጧት። "ላቦራቶሪው ከእኛ ጋር አይደለም፤ ራሳችሁ ታደርሱታላችሁ። ዛሬ ካልተቀበሏችሁ ሰኞ። ፈሳሹ ይጠብቀዋል፣ ምንም አይሆንም። ብቻ ክዳኑን እንዳትከፍቱ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ውጤቱ ቶሎ ከደረሰልኝ እግሩን የማትረፍ ዕድል አለን። እሱንም።"

እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። እኔ ደግሞ የአባቴን እግር ማን ሊወስደው እንደሚመጣ ሳስብ ቆየሁ።

ላቦራቶሪው ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነበር። ስንደርስ ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርጎ "ዓርብ ከምሳ በኋላ ናሙና አይቀበሉም፣ ሰኞ ኑ" አለን። "ወንድሜ፣ አንዲት ብልቃጥ እኮ ናት" አለው አባቴ። "እኔም አንድ ሰው ነኝ፣ ጌታዬ፣ ሥራዬን ላጣ ነው?" አለ ጥበቃው። ብልቃጧ ከእኛ ጋር ወደ ቤት ተመለሰች።

ቤት የአባቴ ታላቅ እህት ቁጭ ብላ ጠበቀችን። አክስቴ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት ነው መቆጣት የምትጀምረው።

"አስወጋኸው?"

"ሐኪም ነው የወጋው፣ እኔ ጋደም ብዬ ነበር" አለ አባቴ።

"ብረት የነካው እብጠት ይቆጣል! ስንቴ ልንገርህ? አርፎ የተቀመጠውን ነገር!"

"አርፎማ አልተቀመጠም" አለች እናቴ፣ ወንድሜን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች። "ያደገው ተቀምጦ ነው?"

"አንቺ ዝም በይ፣ አንቺ ነሽ የወሰድሽው። ይሄ ነገር ሕይወት አለው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሲነኩት ያውቃል።"

"እንዲያ ከሆነ ምሳ እንጋብዘዋ" አለ አባቴ።

ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም፤ ትክክል ነው ብዬ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ማንም ምንም አልሰጠውም።

አክስቴ እያጉረመረመች ሄደች። አባቴ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ እንቅልፍ ወሰደው። እናቴም ወንድሜን እያጠባች አብራው አንቀላፋች። ብልቃጡ ሳሎን፣ ብፌው አናት ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ነበር። ወንበር ጎትቼ አወረድኩት።

ክዳኑን ስከፍት ሽታው በአፍንጫዬ ገብቶ በዓይኔ ወጣ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እዚህ ውስጥ ነው የተዉት? ይህ የሚያቃጥል ነገር ውስጥ? ወደ ኩሽና ወስጄ ፈሳሹን ሲንኩ ውስጥ ደፋሁት፤ ጣቶቹ እንዳይሄዱ የሻይ ማጥለያ ያዝኩላቸው። አራቱም ማጥለያው ላይ ቀሩ። ወንድሜን ሆዱን ሲቆርጠው እናቴ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ስኳር በጥብጣ ትሰጠው ነበር። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። በኩባያ በጠበጥኩ፣ ብልቃጡን ሞላሁ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጨመርኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። ማጥለያውን አጥቤ ቦታው ሰቀልኩት። ማታ ሻይ በእሱ ጠጣን።

ያ ቅዳሜና እሁድ ሙቀት ነበር። እሁድ ጠዋት ጥቃቅን ጉንዳኖች ከመስኮቱ ወርደው፣ በብፌው ጠርዝ ተሰልፈው፣ ብልቃጡ ክዳን ላይ ወጥተው አየን።

"እነዚህ ደግሞ ምን ሸቷቸው ነው?" አለ አባቴ። ብልቃጡን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አደረገው። "ደፍረስ አላለም?"

"ሥጋ አይደል? ይደፈርሳል" አለች እናቴ ወደ መኝታ ቤት እየገባች።

አባቴ ጉንዳኖቹን በጨርቅ ጠረገ። ጣቱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ፤ የሚያጣብቅ ነገር እንደነካ ሰው። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ፈገግ አልኩለት፤ ጉንዳኖቹ ሊጠይቁት የመጡ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት በጋዜጣ ጠቅልሎ ብቻውን ይዞት ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁላችንም ተጠራን። ሽማግሌው ሐኪም ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

"ናሙናው በስብሷል። ላቦራቶሪው ብልቃጡ ውስጥ ያገኘው ውሃ ነው። ማን ነው ፈሳሹን የለወጠው?"

እናቴ "ኧረ ማንም!" አለች። እኔ እጄን ላወጣ ነበር፤ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲጠየቅ እንደማደርገው። መልሱን አውቀው ነበርና።

አባቴ እኔን እያየኝ ነበር። እሁድ ዕለት እንዳየኝ አድርጎ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረ።

"እኔ ነኝ፣ ዶክተር። አውቶቡስ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ተደፋብኝ። ደነገጥኩና የቧንቧ ውሃ ጨመርኩበት።"

"አንተ!" አለች እናቴ።

"ምነው ተመልሰው ቢመጡ ኖሮ!" ሐኪሙ ጠረጴዛውን መቱ። "የልጆች አባት አይደሉም እንዴ? ሁለት ሳምንት አቃጠልን እኮ! በዚህ ሳምንት ይምጡ፣ እንደገና እንወስዳለን።"

አባቴ እንደ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ተገሠጸ። እኔ በልቤ ደስ አለኝ። እሱም እንደ እኔ አዝኖለት፣ መንገድ ላይ ውሃውን የቀየረለት መሰለኝ። ስንወጣ እጄን ይዞ ጎንበስ አለ። "ዳኛዬ፣ ይሄ ጉዳይ ተዘግቷል። ፋይሉን ማንም አይከፍተውም፤ እሺ?" አለኝ። "እሺ" አልኩት። ሁለታችንም የምናውቀው ምስጢር ነበር፤ ግን አንድ ዓይነት ምስጢር አልነበረም።

በዚያ ሳምንት አልሄደም። አክስቴ "ተናግሬ ነበር፤ ምልክት ነው" አለች። የአንድ ቲያትር ቤት ሰማንያ ወንበር መጣለት፤ "ይቺን ልጨርስና" አለ። እናቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እሱ ግን የዚያ ሐኪም ስም ሲነሳ ፊቱን ያዞራል። ያን ጊዜ ሥራ የያዘው መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ባልሠራው ስህተት የተቆጡትን ሰው ዳግም ማየት አፍሮ ይመስለኛል። ወይም ፈርቶ። አብሬው ልግባ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ሁለተኛው መርፌ ከሦስት ወር በኋላ ሆነ። ያኔ እብጠቱ አሥራ አንድ ሴንቲ ነበር። ውጤቱ መጣ፤ ስሙን አዋቂዎቹ እኔ ስገባ መጥራት ያቆማሉ። እግሩን ከላይ ቆረጡት። ያ ልጅ አብሮ የሄደ መስሎኝ አለቀስኩለት፤ አባቴ ለእሱ የማለቅስ መስሎት አጽናናኝ። ከዚያ ሳል ጀመረው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ማግኔቱን ወለሉ ላይ የሚጎትት ሰው ቤታችን አልነበረም።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ የባዮሎጂ መምህራችን እንቁራሪት ያለበት ጠርሙስ ከፈተ። ሽታው በአፍንጫዬ ገብቶ በዓይኔ ወጣ። መምህሩ "ይህ ፈሳሽ ሥጋ እንዳይበሰብስ ይጠብቃል፤ ውሃ ብቻ ቢሆን በሦስት ቀን ያልቅለት ነበር" አለ። ሳላስፈቅድ ወጣሁ። ከክፍሉ ኋላ ግድግዳ ተደግፌ፣ ብፌውን፣ ማጥለያውን፣ ጉንዳኖቹን፣ አባቴ ጣቱን ሲያሸት፣ እኔን ሲያይ፣ አንድ በአንድ እንደገና አየኋቸው። ልጅ የሚባል ነገር አልነበረም። የአባቴ መትረፊያ ነበር ብልቃጡ ውስጥ የነበረው።

ኋላ አንድ ሐኪም ጠይቄ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ። "ሦስት ወር ለውጥ ያመጣ ነበር?" "ሊያመጣ ይችላል፣ ላያመጣም ይችላል። ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቅኩም፣ ለማንም አልነገርኩም።

ባለፈው ማክሰኞ የገባሁበት ክፍል ውስጥ የተኛችው እናቴ ናት። እብጠቱ ቀኝ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ በላይ ነው። "አያመኝም" ብላ ለአራት ወር ደብቃኛለች፤ እሷ፣ "በሽታውን የደበቀ" የሚለውን ተረት ስትደጋግም የኖረችው።

አሁንም ናሙናውን ቤተሰብ ነው የሚያደርሰው። ታክሲ ውስጥ ብልቃጡን በግራ እጇ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ልቀበላት ስል እጇን ሰበሰበች።

"ተይ፣ እኔ ነኝ የምይዘው። እንደ አባትሽ አልደፋውም።"

እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አደረግኩ።

"ያ ሰውዬ አንድ ምስማር ወለል ላይ የማይተው" አለች፣ ዓይኗን ከብልቃጡ ሳታነሳ። "ያን ቀን ምን ነካው? ብልቃጥ መያዝ ያቅተዋል? ሃያ አምስት ዓመት አሰብኩት። ሞቶም ይቅር አላልኩትም። አሁን እዚያ ተኝቼ የመርፌውን ድምፅ ስሰማ እንኳ፣ እንደ መጸለይ እሱን ስቆጣው ነበር።"

ታክሲው መብራት ላይ ቆመ። ፋይሉን ማንም አይከፍተውም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ቃሉን ያስገባኝ ሰው ግን እዚያ ጭኗ ላይ፣ ብልቃጡ አጠገብ፣ ያለ ጥፋቱ እየተገሠጸ ነበር።

"እማዬ፣ ስኳር ነበረበት።"

"ምኑ?"

"ውሃው። የአባዬ ብልቃጥ። እሱ አልደፋውም።"

አላየችኝም። መብራቱ ተቀየረ፣ ታክሲው ሄደ፣ ሁለት ማቆሚያ አለፍን። በሐሳቧ ጉንዳኖቹ ዘንድ እንደደረሰች ያወቅኩት አውራ ጣቷን በሌባ ጣቷ ላይ ማሸት ስትጀምር ነው።

"ስንት ማንኪያ?" አለች።

"ሁለት።"

"ለወንድምሽ እንደማደርገው።"

"አዎ።"

"ይደፈርሳል ያልኩትም እኔ ነኝ" አለች ለራሷ። ከዚያ ብልቃጡን ወደ በሩ በኩል፣ ከእኔ ራቅ አድርጋ ያዘችው፤ ፊቷንም አብራ አዞረች። እስክንደርስ እንደዚያ ቆየን።

ላቦራቶሪው በር ላይ ታክሲው ቆመ። የታክሲው መርገጫ ከፍ ያለ ነው፤ ቀኝ ክንዷ በፋሻ ታስሯል፣ በግራዋ ካልተደገፈች መውረድ አትችልም። በሩን አየች። ብልቃጡን አየች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ።

"ያዢ።"

በሁለት እጄ ያዝኩት። ውስጡ አራት ነጫጭ ክሮች ነበሩ። ፈሳሹ እንደ ውሃ የጠራ ነው።